ለውሃ አዕዋፍ አደን ከፊል አውቶማቲክ ረሽ ጠመንጃ አመራረጥ

ከፊል አውቶማቲክ ረሽ ጠመንጃ ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት የሚተኩስ፣ ከዚያም ባዶውን ቀለህ በራሱ አውጥቶ ቀጣዩን ጥይት በራሱ የሚያጎርስ የአደን መሣሪያ ነው። ረሽ፣ በሌላ ስሙ ሾትገን፣ ከሌላው ጠመንጃ የሚለየው አንድ አረር ሳይሆን ብዙ ጥቃቅን እንክብሎችን በአንድ ጊዜ በመርጨቱ ነው። ስለዚህ በበረራ ላይ ያለን ወፍ ለማደን የሚያገለግል ዋና መሣሪያ ሆኗል።

የውሃ አዕዋፍ አደን የሚባለው ዳክዬ፣ ዝይና የመሳሰሉትን በሐይቅ፣ በወንዝ ዳርና በረግረግ ማደን ነው። ይህ መጣጥፍ በዋናነት የሚገልጸው አደኑ በሰፊው በሚካሄድባቸው በአሜሪካና በካናዳ ያለውን አሠራር ነው። በዚያ አደኑ የሚፈቀደው በአብዛኛው ወፎቹ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚሰደዱበት የመኸርና የብርድ ወራት ስለሆነ፣ ጠመንጃው ዝናብ፣ ጭቃና ውርጭ ይፈራረቁበታል።

በዚህም ምክንያት መሣሪያውን የሚመርጥ ሰው ከፋብሪካው ስም በፊት ሦስት ነገሮችን ያያል፦ በእርጥበትና በብርድ ሳይሰናከል መሥራቱን፣ ለአዳኙ አካል መስማማቱን፣ በሕግ የተፈቀደውን መርዛማ ያልሆነ ጥይት በትክክል መተኮሱን። ምርጫው ቢሳሳት ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በደንብ ያልተመታ ወፍ ቆስሎ ያመልጣል፣ በቄጠማ ውስጥም ተሸሽጎ ይሞታል። የተበላሸ ጠመንጃ ደግሞ ለአዳኙና አብረውት ላሉት አደጋ ነው።

ከሌሎች የረሽ ዓይነቶች ጋር ሲነጻጸር

ለውሃ አዕዋፍ አደን ሦስት ዓይነት ረሾች በብዛት ያገለግላሉ። የመጀመሪያው ሁለት አፈሙዝ ያለው ሲሆን ከመካከሉ ተሰብሮ ይጎርሳል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ተከፍቶ ሲታይም ባዶ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል፤ ነገር ግን የሚተኩሰው ሁለት ጥይት ብቻ ነው። ሁለተኛው ፓምፕ የሚባለው ነው። ተኳሹ ከተኮሰ በኋላ የፊት መያዣውን ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት በመግፋት ቀጣዩን ጥይት ያጎርሳል። ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ቆሻሻም ይችላል፤ ሆኖም በጥድፊያ ጊዜ እጅ አጋማሽ ላይ ሊቆም ይችላል።

ሦስተኛው ከፊል አውቶማቲክ ነው። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተኳሹ እጁን ሳያንቀሳቅስ ዓይኑን ከወፏ ሳይነቅል ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጥይት መተኮስ ይችላል። የቆሰለችን ወፍ ፈጥኖ ለመጨረስ ይህ ይረዳል። ሁለተኛ፣ ከጥይቱ ኃይል ከፊሉ መሣሪያውን ለማንቀሳቀስ ስለሚውል ወይም በሞላ ስለሚበርድ፣ በተለይ በጋዝ የሚሠሩት ትከሻ ላይ የሚያሳርፉት ርግጫ ይቀንሳል። ጉዳቱ ደግሞ ብዙ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ያሉት በመሆኑ ጽዳትና ክብካቤ መፈለጉ፣ እንዲሁም ዋጋው ከፓምፕ ከፍ ማለቱ ነው።

ታሪክ

በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው ከፊል አውቶማቲክ ረሽ የአሜሪካዊው የጠመንጃ ፈልሳፊ ጆን ብራውኒንግ ሥራ ነው። ብራውኒንግ ንድፉን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አዘጋጅቶ በመጀመሪያ ለዊንቸስተር ኩባንያ አቀረበ። የጠየቀው ግን የአንድ ጊዜ ክፍያ ሳይሆን ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ጠመንጃ ድርሻ ስለነበር ኩባንያው አልተስማማም። ከዚያ ወደ ሬሚንግተን ሄደ። እ.ኤ.አ. በጥር 1902 የኩባንያውን ፕሬዚዳንት ማርሴለስ ሃርትሊን ለማነጋገር በመጠበቅ ላይ ሳለ ሃርትሊ በልብ ድካም ሞተ። ብራውኒንግም ንድፉን ይዞ ወደ ቤልጅግ ተሻገረና በሊየዥ አጠገብ ካለው ከኤፍ ኤን ፋብሪካ ጋር ተዋዋለ። ጠመንጃው «አውቶ 5» በሚል ስም ታወቀ፤ ምርቱም እስከ 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ድረስ ዘለቀ። ሬሚንግተንም ከ1905 ጀምሮ ይህንኑ ንድፍ «ሞዴል 11» ብሎ በአሜሪካ አመረተ።

አውቶ 5 ሲተኮስ አፈሙዙና መዝጊያው ተያይዘው ወደ ኋላ ይሄዱ ነበር። ባለቤቱ እንደ ጥይቱ ክብደት የማሻሻያ ቀለበቶቹን ቦታ መቀያየር ነበረበት። ቀለበቶቹ በስህተት ከተቀመጡ ወይ ጠመንጃው ቀጣዩን ጥይት አያጎርስም፣ ወይ ደግሞ በኃይለኛ ጥይት ራሱን ይቀጠቅጣል። ይህን ችግር ያቃለሉት በኋላ የመጡት በጋዝ የሚሠሩት ናቸው። ከእነሱም እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ሬሚንግተን 1100 ርግጫው ለስላሳ በመሆኑ በሰፊው ተወዳጅ ሆነ። በ1967 ደግሞ በጣሊያን ኡርቢኖ ከተማ ቤኔሊ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ፤ ብሩኖ ቺቮላኒ በፈለሰፈው በኢነርሻ የሚሠራ ስልትም ይታወቃል። ይኸው ኩባንያ በ1991 ያወጣው «ሱፐር ብላክ ኢግል» 89 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለውን የ12 ጌጅ ጥይት የሚተኩስ የመጀመሪያው ከፊል አውቶማቲክ ረሽ ነበር።

የአሠራር ስልቶች

ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት በአብዛኛው ከሁለቱ ስልቶች በአንዱ ይሠራሉ።

በጋዝ የሚሠራ። በአፈሙዙ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ባሩዱ ሲነድ ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱ በእነዚህ ቀዳዳዎች ወጥቶ ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም መዝጊያውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ቀለሁ ይወጣል፣ ሞላው መዝጊያውን ወደ ፊት ሲመልሰው አዲስ ጥይት ይጎርሳል። የዘመኑ ጠመንጃዎች ትርፍ ጋዝን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማስተንፈሻ ስላላቸው ቀላልና ከባድ ጥይትን ያለ ማስተካከያ ይተኩሳሉ። ርግጫው ለስላሳ ነው። ነገር ግን የባሩዱ ጥቀርሻ በፒስተኑ ዙሪያ ይከማቻል፤ ካልጸዳም መዝጊያው እየዘገየ ሄዶ ይቆማል። ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከሌላው ይበልጣል።

በኢነርሻ የሚሠራ። በመዝጊያው አካልና በሚሽከረከረው ራሱ መካከል ጠንካራ አጭር ሞላ አለ። ጠመንጃው ተተኩሶ ወደ ኋላ ሲራገጥ የመዝጊያው አካል ባለበት ለመቆየት ስለሚሞክር ሞላው ይጨመቃል። ወዲያው ሞላው ሲለጠጥ መዝጊያውን ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ጋዙ ሁሉ በአፈሙዝ በኩል ስለሚወጣ ውስጡ ብዙም አይቆሽሽም። ክፍሎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ጠመንጃውም ቀላል ነው። በረግረግ ለብዙ ቀናት ለሚቆይ አዳኝ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ኢነርሻም ቢሆን ድካም አለው። ለመሥራት ጠመንጃው ወደ ኋላ መንቀሳቀስ ስላለበት በጣም ቀላል ጥይት ላያንቀሳቅሰው ይችላል። ሰደፉ ከጠንካራ ነገር ጋር ተደግፎ ሲተኮስም፣ ወይም ከባድ ተጨማሪ ዕቃ ሲገጠምበት፣ ቀጣዩን ጥይት ሳያጎርስ ሊቀር ይችላል። በተጨማሪ መዝጊያው ድምፅ እንዳይሰማ ተብሎ ቀስ ተደርጎ ከተዘጋ፣ ወይም በጉዞ ተገጭቶ ጥቂት ከተከፈተ፣ የሚሽከረከረው ራስ በሚገባ ላይቆለፍ ይችላል። ያን ጊዜ ምላጩ ሲሳብ «ቀጭ» ይላል እንጂ አይተኩስም። መፍትሔው መዝጊያውን በሞላው ሙሉ ኃይል መልቀቅ ነው።

ሁለቱ ስልቶች ሲነጻጸሩ፦ ትከሻው ርግጫን የማይችል ወይም ብዙ ጥይት የሚተኩስ ሰው በጋዝ የሚሠራውን ቢመርጥ ይሻለዋል። ረጅም መንገድ በጭቃ የሚጓዝና ለጽዳት ጊዜ የሌለው ደግሞ ኢነርሻን ቢመርጥ ይጠቅመዋል።

የአፈሙዝ ስፋትና የጥይት ርዝመት

የረሽ ስፋት የሚለካው በጌጅ ነው። 12 ጌጅ ማለት አንድ ፓውንድ ወይም 454 ግራም እርሳስ ለ12 እኩል ድብልብሎች ሲከፈል የአንዷን ድብልብል ስፋት የሚያህል አፈሙዝ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል። 12 ጌጅ 18.5 ሚሊ ሜትር ያህል፣ 20 ጌጅ ደግሞ 15.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

ለዳክዬና ለዝይ አደን በብዛት የሚመረጠው 12 ጌጅ ነው። የጥይቱ ርዝመት 70፣ 76 ወይም 89 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የጠመንጃው ማጉረሻ ክፍል ከሚፈቅደው በላይ ረጅም ጥይት መጠቀም ግን አይቻልም። የሚፈቀደው ርዝመት አፈሙዙ ላይ ተጽፎ ይገኛል። 76 ሚሊ ሜትር የሆነው 35 ግራም ያህል የብረት እንክብል ይይዛል፤ ይህም ለአብዛኛው አደን ይበቃል። 89 ሚሊ ሜትር የሆነው ተጨማሪ እንክብል ይይዛል፤ በተለይ ለትላልቅ ዝይዎች ይጠቅማል። ነገር ግን ርግጫው ከባድ ነው፤ ርግጫ የሚፈራ ተኳሽም ምላጭ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዒላማውንም ይስታል።

20 ጌጅ ቀላልና ርግጫው አነስተኛ ነው። ለወጣቶች፣ አካላቸው ቀጠን ላለ ሰዎችና በቅርብ ርቀት ለሚያድኑ ይስማማል። የሚይዘው እንክብል ግን አነስተኛ ስለሆነ ተኳሹ በርቀት ላይ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት።

እርሳስ፣ ብረትና ሌሎች እንክብሎች

ለረጅም ዘመን እንክብሎቹ ከእርሳስ ይሠሩ ነበር። ዳክዬዎች ምግባቸውን በጡንቻማ ጨጓራቸው ውስጥ የሚፈጩት ጠጠር በመዋጥ ነው። በረግረጉ ወለል ላይ የወደቀውን የእርሳስ እንክብልም እንደ ጠጠር ይውጡታል። እርሳሱ እየተፈጨ ወደ ደማቸው ይገባና ይመርዛቸዋል። ፍራንክ ቤልሮዝ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው ጥናት በሰሜን አሜሪካ ከሚገኙት የውሃ አዕዋፍ በየዓመቱ ከ100 ከ2 እስከ 3 የሚሆኑት በእርሳስ መመረዝ እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። የቆሰሉ ዳክዬዎችን የሚበሉ ንስሮችም ይመረዛሉ።

አሜሪካ ለውሃ አዕዋፍ አደን የእርሳስ እንክብልን በመላ አገሪቱ የከለከለችው በ1991 ነው። ካናዳ በ1999 ተከተለች። ዴንማርክ ከሁለቱም የሰፋ እገዳ በ1996 አውጥታለች። በአውሮፓ ኅብረት በረግረጋማ ቦታዎች የእርሳስ እንክብል መተኮስ ከየካቲት 2023 ጀምሮ ተከልክሏል። ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይነካል። ፒንቴይልና ሾቨለር የተባሉት ዳክዬዎች በአውሮፓና በእስያ ተራብተው የብርዱን ወራት በዝዋይ፣ በአብያታና በጣና ሐይቆች ያሳልፋሉ። በእነዚህ ወፎች ጥበቃ ላይ የተደረሰው የአፍሪካና የዩራሲያ ተሰዳጅ የውሃ አዕዋፍ ስምምነት አባል አገሮች በረግረግ የእርሳስ እንክብልን እንዲያስቀሩ ይጠይቃል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት።

የእርሳስ መከልከል የጠመንጃ ምርጫን ለውጦታል። ዋናው ተተኪ ብረት ሲሆን ዋጋው አነስተኛ ነው። ነገር ግን የእርሳስ እፍጋት በኩብ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ሲሆን የብረት 7.9 ግራም ያህል ብቻ ነው። ቀለል ያለ እንክብል በአየር ውስጥ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ በብረት የሚያድን ሰው ከእርሳሱ ሁለት ቁጥር ከፍ ያለ ትልቅ እንክብል ይመርጣል። የእንክብል ቁጥር ሲያንስ መጠኑ ይጨምራል፦ ቁጥር 4 የሆነው 3.3 ሚሊ ሜትር ሲሆን ለትናንሽ ዳክዬዎች፣ ቁጥር 2 የሆነው 3.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ለትላልቅ ዳክዬዎች፣ ቢቢ የሚባለው ደግሞ 4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን ለዝይ ያገለግላል። አብዛኛው አዳኝ በብረት እንክብል ከ35 ሜትር ያህል ርቀት በላይ ባይተኩስ ይመከራል።

ቢስመዝ በኩብ ሴንቲ ሜትር 9.6 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ለስላሳ ስለሆነም ለብረት እንክብል ላልተሠሩ የቆዩ ጠመንጃዎች ይስማማል። ከተንግስተን የሚሠሩ አንዳንድ እንክብሎች ከእርሳስም ይከብዳሉ፤ ሩቅ ይደርሳሉ፤ ዋጋቸው ግን በጣም ውድ ነው። ብረት ጠንካራ ስለሆነ የቆየ ጠመንጃ አፈሙዝን ሊጎዳ ይችላል። አሮጌ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ለብረት እንክብል መሠራቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።

የአፈሙዝ ማጥበቢያ

በአፈሙዙ ጫፍ የሚገጠመው ማጥበቢያ፣ ቾክ የሚባለው፣ የእንክብሎቹን መበታተን ይወስናል። ጠባቡ እንክብሎቹን ሰብስቦ ሩቅ ይልካል፤ ሰፊው በቅርብ ይበትናቸዋል። ብረት እንደ እርሳስ ስለማይጨመቅና ቅርጹን ስለማይለውጥ ከእርሳስ ይልቅ ተሰብስቦ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት በእርሳስ ዘመን እጅግ ጠባቡን ይጠቀም የነበረ አዳኝ በብረት መካከለኛውን ይጠቀማል። ትላልቅ የብረት እንክብሎችን እጅግ በጠበበ ማጥበቢያ መተኮስ ማጥበቢያውን ሊያበላሽ ይችላል፤ የሚፈቀደውን የሚወስነው የአምራቹ መመሪያ ነው።

ሁለት አንድ ዓይነት ጠመንጃዎች እንኳ አንዱን ጥይት በተለያየ መንገድ ሊበትኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከአደኑ ወቅት በፊት በትልቅ ወረቀት ላይ መሞከር የተለመደ ነው። በ36 ሜትር ያህል ርቀት ተተኩሶ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ያረፉት እንክብሎች ይቆጠራሉ። በክቡ ውስጥ ወፍ የሚያሳልፍ ባዶ ቦታ ከታየ ጥይቱ ወይም ማጥበቢያው ይለወጣል።

የሰደፍ ልክ

ረሽ እንደ ሌላው ጠመንጃ በዝግታ አይነጣጠርም፤ ተኳሹ ወፏን እያየ ጠመንጃውን ወደ ትከሻው ያነሳል። ስለዚህ ጠመንጃው የሚተኩሰው ዓይን ወደሚያይበት እንዲሆን ሰደፉ በልክ መሠራት አለበት። ከምላጩ እስከ ሰደፉ መጨረሻ ያለው ርዝመት በብዙ ጠመንጃዎች 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በብርድ ጊዜ የሚለበስ ወፍራም ካፖርት ይህን ርዝመት የሚጨምር ስለሆነ ጠመንጃው በአደን ልብስ ተሞክሮ ቢገዛ ይመረጣል። ሰደፉ ረጅም ከሆነ በብብት ይያዛል፤ አጭር ከሆነ የተኳሹ አውራ ጣት አፍንጫውን ይመታል።

ቀላሉ መመዘኛ ይህ ነው፦ ባዶ መሆኑ የተረጋገጠው ጠመንጃ ዓይን ተጨፍኖ ወደ ትከሻ ይነሳል፤ ዓይን ሲገለጥ ማነጣጠሪያው ከመካከል ከታየ ልኩ ተስማምቷል። ብዙ ከፊል አውቶማቲክ ረሾች የሰደፉን ቁልቁለትና ጎን የሚያስተካክሉ ሽብልቆች አብረዋቸው ይሸጣሉ። ግራኝ ለሆነ ሰው ደግሞ ቀለሁ በፊቱ በኩል እንዳይወጣበት በግራ የሚያወጡ ሞዴሎች አሉ።

ሽፋንና ክብካቤ

ረግረግ፣ በተለይም ጨዋማ የባሕር ዳር ውሃ፣ ብረትን ያዝጋል። ለዚህ አደን የሚሠሩ ጠመንጃዎች ሰደፋቸው ከእንጨት ይልቅ ከሰው ሠራሽ ቁስ ይሆናል፤ የአፈሙዙ ውስጥም በክሮም ይለበጣል። ይሁን እንጂ የትኛውም ሽፋን ጽዳትን አይተካም። ከአደን በኋላ ጠመንጃው ተፈትቶ ይደርቃል፣ ጥቀርሻው ይጠረጋል፣ ስስ ዘይትም ይቀባል። ዘይት ሲበዛ በውርጭ ጊዜ ይወፍርና መዝጊያውን ያዘገየዋል። በሰደፉ ውስጥ ሞላ ያላቸው ሞዴሎች ውሃ እዚያ ስለሚያቁር ሞላው በየወቅቱ ወጥቶ መጽዳት አለበት።

ሕግ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ለገበያ የሚያድኑ ሰዎች ወፎችን በገፍ ይፈጁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 የወጣው የተሰዳጅ አዕዋፍ ሕግ ይህን አስቀረ። በ1930ዎቹ በደረሰው ድርቅ የዳክዬ ቁጥር ሲያሽቆለቁል ደግሞ በ1934 አዳኞች የሚገዙት የዳክዬ ቴምብር ተጀመረ፤ ገንዘቡም ለረግረግ ጥበቃ ይውላል። በ1935 ጠመንጃው በአንድ ጊዜ ከሦስት ጥይት በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። ካናዳም ይህንኑ ቁጥር ትከተላለች፤ የአውሮፓ ኅብረት የአዕዋፍ መመሪያም ካዝናው ከሁለት ጥይት በላይ የሚይዝ ከፊል አውቶማቲክ መሣሪያን ለአዕዋፍ አደን ይከለክላል።

ስለዚህ ካዝናው ሰፊ የሆነ ጠመንጃ ውታፍ ይደረግበታል። በአሜሪካ ሕግ ውታፉ አንድ ወጥ ሆኖ ጠመንጃው ሳይፈታ የማይወጣ መሆን አለበት። ውታፉን ረስቶ የተገኘ አዳኝ አንድም ወፍ ባይመታ ጥፋተኛ ነው። ቁጥራቸው በዝቶ የሰሜኑን ሣር ያጠፉትን ነጫጭ ዝይዎች በተወሰነ ወቅት ያለ ውታፍ ማደን ይፈቀዳል። የፈቃድና የዕድሜ ደንቦች ከግዛት ግዛት ይለያያሉ። በአንዳንድ አገሮች፣ ለምሳሌ በአውስትራሊያ ከ1996 ወዲህ፣ ከፊል አውቶማቲክ ረሽ መያዝ ራሱ በጥብቅ የተገደበ ነው።

ደህንነት

ከፊል አውቶማቲክ ከተኮሰ በኋላ ወዲያው ሌላ ጥይት ስለሚያጎርስ ሁልጊዜ እንደ ጎረሰ መቆጠር አለበት። በጀልባም ሆነ በመኪና ሲጓዝ ባዶ ሆኖ መዝጊያው ይከፈታል። ሁለት ወይም ሦስት አዳኞች በአንድ ማድፈጫ ሲቀመጡ እያንዳንዱ የሚተኩስበትን አቅጣጫ አስቀድሞ ይካፈላል፤ ከዚያ አልፎም አያዞርም።

ጭቃ ወይም በረዶ የገባበት አፈሙዝ ሲተኮስ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ጠመንጃው ከወደቀ ጥይቱ ወጥቶ አፈሙዙ ይታያል። ሌላው ከባድ አደጋ የጥይት መደባለቅ ነው። የ20 ጌጅ ጥይት በስህተት በ12 ጌጅ ውስጥ ከገባ ወደ አፈሙዙ ተንሸራቶ ይወተፋል፤ ከኋላው የ12 ጌጅ ጥይት ገብቶ ከተተኮሰ አፈሙዙ ይፈነዳል። የ20 ጌጅ ቀለህ ቢጫ ሆኖ የሚሠራው ለዚህ ነው። ሁለቱን ዓይነት ጥይቶች በአንድ ኪስ መያዝ አይገባም። የጆሮ መከላከያም አስፈላጊ ነው፤ በጠባብ ማድፈጫ ውስጥ የሚተኮስ ረሽ የመስማት ችሎታን እስከ መጨረሻው ሊጎዳ ይችላል።

የአመራረጥ ቅደም ተከተል

በአጭሩ ገዢው የሚከተሉትን በተራ ቢያጣራ ይመከራል፦

1. የሚያድነውን ወፍ፣ ቦታውንና ርቀቱን መወሰን፤ በዚህም 12 ወይም 20 ጌጅ መምረጥ።
2. ጠመንጃውን በአደን ልብስ ሆኖ ወደ ትከሻው በማንሳት ልኩን መመዘን።
3. እንደ ርግጫ ችሎታውና እንደ ጽዳት ልማዱ ከጋዝና ከኢነርሻ አንዱን መምረጥ።
4. ጠመንጃው ለብረት እንክብል መሠራቱን፣ የማጉረሻ ክፍሉን ርዝመትና የሚለዋወጡ ማጥበቢያዎች እንዳሉት ማረጋገጥ።
5. ውታፍ መኖሩንና ሦስት ጥይት ብቻ መያዙን ማየት።
6. ከዋጋው ላይ ለጥይትና ለልምምድ የሚሆን ገንዘብ ማስቀረት።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ውድ ጠመንጃ ገዝቶ ልምምድ ከሚተው ሰው ይልቅ መካከለኛ ጠመንጃ ይዞ በበጋ በሸክላ ዒላማ የሚለማመድ ሰው የሚያቆስላቸው ወፎች ጥቂት ናቸው።